«ልጄ ታማለች» ብዬ ነበር

ይህ የደረሰብን በፈረንጆቹ 2011 ማብቂያ ላይ፣ ልጄ ትዕግስት በታመመችበት ዓመት ነው። አራት ዓመት ሊሆነው ነው። ከዚያ ዓመት ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይህን ያልረሳሁት በዚያን ጊዜ ያደረግኩት የቱ ትክክል፣ የቱ ጥፋት እንደነበረ እስከ ዛሬ ለይቼ ስላልጨረስኩ ነው።

የምንኖረው ፍራንክፈርት፣ ቦናመስ፣ ከረጃጅሞቹ ፎቆች በአንዱ ውስጥ ነው። እኔ ከአዲስ አበባ የመጣሁት ትዕግስት የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ላርሳት ነበር። አርሼ እመለሳለሁ ብዬ እዚሁ ቀረሁ። ለብዙ ዓመት ቢሮ ሳጸዳ ስለኖርኩ ጀርመንኛዬ የባልዲና የመጥረጊያ ጀርመንኛ ነው። ትምህርቴም አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። የልጆቹ አባት ሌላ ከተማ ሌላ ትዳር ይዟል። ስለዚህ ቤቱ የእኛ የአራታችን ነበር፤ የእኔ፣ የትዕግስት፣ የዘጠኝ ዓመቷ ሳሮንና የሰባት ዓመቷ ማህሌት።

የትዕግስት በሽታ የደም ካንሰር ነው ተባለ። የሚሰጧት መድኃኒት በሽታ የመከላከል አቅሟን ጨርሶ ያወርደዋል። ሐኪሙ «የሚያስል፣ ጉንፋን የያዘው ሰው እንዳይጠጋሽ። ልጆቹም ሲያማቸው ለጊዜው ራቅ ይበሉ» አላት። ይህን ስትተረጉምልኝ በልቤ ሳቅሁ። በሁለት ክፍል ቤት ማን ከማን ነው የሚርቀው? ማህሌት ደግሞ ከትምህርት ቤት ንፍጥ ይዛ ያልመጣችበት ሳምንት አልነበረም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ልጆቹን አልቀሰቀስኳቸውም። ትዕግስት ከመኝታዋ ሆና «እማዬ፣ ልጆቹ ረፈደባቸው» አለች።

«አይሄዱም። እስኪሻልሽ ድረስ እዚሁ እኔ አስተምራቸዋለሁ።»

«እማዬ፣ እዚህ አገር እንዲህ አይደረግም» አለች። ወዲያው ማስመለስ ጀመራትና ነገሩ በዚያው ተቋረጠ። እኔም ዝም አለች ማለት ተስማማች ማለት ነው ብዬ ወሰድኩት።

ኩሽና ውስጥ ባለችው ጠረጴዛ ላይ ትምህርት ጀመርን። ጠዋት ሒሳብ፣ ከምሳ በኋላ ፊደል። የጀርመንኛውን መጽሐፍ ሳሮን ለእህቷ ታነብላታለች፤ እኔ ምንም ባይገባኝም ራሴን እየነቀነቅኩ እሰማለሁ። ለሳሮን ማካፈል ላሳያት ተነሳሁ። እኔ የተማርኩት ማካፈል እንደ ጎጆ ጣራ የሚመስል መስመር ይሠራለታል፤ ቁጥሩ ከጣራው ሥር ይገባል። እሷ ሁለት ነጥብ ብቻ ታደርጋለች። «ይህማ እኛ ዘንድ ቃልን ከቃል መለያ ነው» አልኳት። ልጅቷ ከት ብላ ሳቀች። «ኦማ፣ ዳስ ኢስት ፋልሽ!» አለችኝ፤ አያቴ፣ ይሄ ስህተት ነው ማለቷ ነው። መልሱ ግን አንድ ሆኖ ተገኘ። በነዚያ ሳምንታት የሳቅነው ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል።

ሌላው ቀን ሁሉ ድካም ነበር። ሾርባ እሠራለሁ፣ አንሶላ አጥባለሁ፣ የበር እጀታውን ሳይቀር በአልኮል እወለውላለሁ። በመሀል «አምስት ጊዜ ሰባት!» ብዬ እጣራለሁ። አንድ ቀን የመደመር ጥያቄ ጽፌ ሳልጨርስ ወንበር ላይ እንቅልፍ ጣለኝ። ስነቃ ሁለቱም ትንፋሻቸውን ይዘው ያዩኛል። ሳሮን ቀስ ብላ «ኦማ፣ አንቺም ታመሽ?» አለችኝ።

በአራተኛው ሳምንት ማህሌት ትምህርት ቤት ካልሄድኩ ብላ ጮክ ብላ አለቀሰች። እናትሽ ተኝታለች፣ ድምፅሽን ቀንሺ አልኳት። እርሳሷን ወረወረችው። እጇን በማስመሪያ መታኋት። አንድ ጊዜ ነው፤ ግን መታኋት። ይህን ደብቄ የሌላውን ሰው ጥፋት ብቻ ብጽፍ ፍርድ አይሆንም።

አሁን ወደ ስልኩ ልመለስ። ልጆቹ በቀሩበት በመጀመሪያው ቀን ትምህርት ቤቱ ውስጥ የምትሠራ አንዲት ሴት ደወለች። ፈጥና ስለምትናገር የለየሁት «ኪንድ» እና «ክራንክ» የሚሉትን ብቻ ነው፤ ልጅና ህመም።

«ያ» አልኳት። «ማይን ኪንድ ክራንክ። ዜር ክራንክ።»

አዎ፣ ልጄ ታማለች፣ በጣም ታማለች ማለቴ ነበር። እኔ የወለድኩት አንዲት ልጅ ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት ቢሆናትም ልጄ ናት። የሴትዮዋ ድምፅ ወዲያው ለስለስ አለ። «ጉተ ቤሰሩንግ» አለችኝ፤ ይማርልዎት እንደ ማለት ነው። በሳምንቱ ደግማ ደወለች፤ እኔም ያንኑ ደገምኩላት። በሦስተኛውም እንዲሁ። እንዴት ያሉ ደግ ሰዎች ናቸው፣ ስለ ትዕግስት ሳይጠይቁ አይውሉም እያልኩ እመርቃቸው ነበር።

ከዚያ ደብዳቤ መጣ። ትዕግስትን አላስጨንቅም ብዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ሁለተኛ መጣ። «አቴስት» የሚለውን ቃል አውቀዋለሁ፤ የሐኪም ማስረጃ ነው። ይህ ከሆነ ሞልቶናል ብዬ የትዕግስትን የሆስፒታል ወረቀት ይዤ ሄድኩ። ያቺ በስልክ የማውቃት ሴት ፈገግ ብላ ተቀበለችኝ። ወረቀቱን አየች። የትውልድ ዘመኑን በጣቷ ይዛ ቀና ብላ አየችኝ።

«ይሄ የእናትየው ነው» አለች።

«ያ» አልኳት። «ማይን ኪንድ።»

ፈገግታዋ ጠፋ። የቀጠሮ ቀን በብጣሽ ወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ።

በቀጠሮው ቀን እንዲያስተረጉሙልኝ አቶ ግርማን ለመንኳቸው። እኛው ፎቅ ላይ የሚኖሩ፣ ድሮ ለትምህርት መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ረዥም፣ ቀጭን ሰው ነው። ብዙ ተናገረ። አቶ ግርማ ወደ እኔ ዞሩ።

«ወይዘሮ ዘውዴ፣ እዚህ አገር ሹልፍሊሽት የሚባል ነገር አለ።»

«ሹል ፍልጥ? በሕፃናት ላይ?»

«ኧረ ፍልጥ አይደለም! ግዴታ ማለት ነው። ልጅ የግድ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ቤት አስቀምጦ ማስተማር ክልክል ነው። ፕሮፌሰር እንኳ ቢሆኑ አይፈቀድልዎትም።»

«እኔ ፕሮፌሰር ነኝ አልኩ? እናታቸው ሲሻላት ልጆቹ ይመለሳሉ።»

ኃላፊው አንድ ወረቀት ገፋ አድርጎ እንድፈርም ብዕር ሰጠኝ። ምን ይላል ብዬ ጠየቅኩ። አቶ ግርማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጆቹ ታመዋል ብለው ለአምስት ሳምንት የሐሰት ቃል ሰጥተዋል ይላል።»

ብዕሩን አስቀመጥኩት። «ማን ታመመ ተብዬ ተጠየቅኩ? ልጅ። ልጄ ናት የታመመችው። በሐሰት ይህን የሚፈርም ሌላ ሰው ይፈልግ።»

«ይፈርሙና እንሂድ እባክዎ። ወረቀት ነው።»

«ወረቀትማ ከእኔ በኋላ ይኖራል። ይንገሩት!»

ነገሩት። «ልጅ» የሚለውን ቃል እኛ ለሕፃን ብቻ እንደማንለው ለማስረዳት ራሳቸውን እያሳዩ፣ የእኔን ዕድሜ እያሳዩ ብዙ ደከሙ። ሰውየው መነጽሩን አወለቀ። ከዚያ ያችን መስመር ሰርዞ በላይዋ ሌላ ጻፈ። «አለመግባባት» ብሎ ነው አሉኝ አቶ ግርማ። ፈረምኩ።

ቀጥዬ እንግዲያው እናቲቱ እስክትድን አስተማሪ ቤት ይላኩልን አልኩ። እንዲህ ያለ ነገር እንዳለ ሰምቼ ነበር። አለ፤ ግን ተማሪዋ ራሷ ለረዥም ጊዜ ስትታመም ብቻ ነው፣ እናት ስትታመም አይደለም ተባልኩ።

«ማን ሲታመም ነው ቤት ታመመ የሚባለው?» አልኩ።

አቶ ግርማ ሳይተረጉሙ እኔን ያያሉ። «ይተርጉሙለት እንጂ!»

«ይሄ አይተረጎምም።»

«ይሞክሩት።»

ሞከሩ። ኃላፊው በእውነት ያዘነ መሰለኝ። ግን ከሰኞ ጀምሮ ልጆቹ ካልመጡ ለሕፃናት ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ፣ ለዩገንድአምት፣ ማመልከት ግዴታዬ ነው አለ። ወደ ቤት ስንመለስ ኡ-ባኑ፣ የምድር ባቡሩ ውስጥ አቶ ግርማ «እነዚያ ከመጡ ልጅ እስከ መውሰድ ሊደርሱ ይችላሉ፤ አይቀልዱባቸው» አሉኝ። የማስመሪያው ነገር ትዝ አለኝ።

ሁሉንም ለትዕግስት ነገርኳት። ደብዳቤዎቹንም አወጣሁላት። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ቀስ ብላ ነው የተናገረችው።

«እማዬ፣ ይህን ያደረግሽው ለእኔ ብለሽ ነው። አንድ ቀን እንኳ ምን እንደምፈልግ ጠየቅሽኝ?»

«እንድትድኚ ነዋ የምትፈልጊው!»

«ሳስመልስ ከግድግዳው ወዲያ ሰባት ጊዜ ስምንት ሲሉ እሰማቸዋለሁ። እንዳይሰሙኝ ፎጣ እነክሳለሁ። ትምህርት ቤት ቢሆኑ እንደ ልቤ እጮህ ነበር።»

አምስት ሳምንት ሙሉ እኔ ልጆቹን ከበሽታ ሳግድ፣ እሷ በሽታዋን ከልጆቹ ስትሸሽግ ከርማለች። አጠገቧ ሆኜ አላወቅኩም።

ሰኞ ሄዱ። ማህሌት እየዘለለች ነው የወጣችው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ እያሳለች መጣች። ኩሽና አስቀምጬ በሩን ዘጋሁባት። ትዕግስት ግድግዳ እየተደገፈች መጥታ በሩን ከፈተችው። ልጅቷ ተንደርድራ እቅፏ ውስጥ ገባች። በክንዷ ይዤ ልስባት ስል ትዕግስት «ተያት!» አለችኝ። እንደዚያ ባለ ድምፅ ተናግራኝ አታውቅም። ተውኳት።

በአራተኛው ቀን ትዕግስትን ትኩሳት ያዛት። ሆስፒታል ገባች፤ ወደ ቤት አልተመለሰችም። ልጄን እዚሁ አገር ቀበርኳት።

ከቀብሩ በኋላ አቶ ግርማን ይዤ ሐኪሙ ዘንድ ሄድኩ። ከልጅቷ ሳል ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩት። እንዲህ ያለው ኢንፌክሽን አብዛኛውን ጊዜ ከበሽተኛው ከራሱ አካል ነው የሚነሳው፤ ግን ከየት እንደመጣ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም አለ። «ነው ወይም አይደለም ይበለኝ» አልኩ። አቶ ግርማ ሦስት ጊዜ ጠየቁልኝ፤ ሰውየው ሦስት ጊዜ ያንኑ መለሰ።

ትምህርት ቤቱን ለረዥም ጊዜ ጠምጄው ነበር። አሁን እንደ ድሮው አይደለሁም። ከቀብሩ በኋላ የማህሌት አስተማሪ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ከትምህርት ሰዓት በኋላ ለብቻዋ ያመለጣትን ትምህርት ስታሳያት ከርማለች፤ ማንም ሳያዛት። ይህንንም መጻፍ አለብኝ። ሕጋቸው ግን ዛሬም ልክ አይመስለኝም። በትዕግስት ላይም የቀረ ቅሬታ አለኝ፤ ያን በር ባትከፍተው ብዬ እናደድባታለሁ። ቆይቼ ደግሞ እኔ ብሆን ኖሮ አልከፍትም ነበር ወይ ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ።

በተከታዩ ዓመት ብርዱ ሲጀምር አንድ ነገር አስተዋልኩ። ማህሌት ሳል ሲመጣባት አፏን አፍና ወደ መታጠቢያ ቤት ትሮጣለች። በሩን ትቆልፋለች፣ ውኃውን ትከፍታለች፣ ከዚያ ታስላለች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው ታልፈኛለች። መጀመሪያ ጨዋታ መስሎኝ ነበር። አንድ ከሰዓት በሩ ላይ ጠበቅኳት።

«ለምንድን ነው ተደብቀሽ የምታስይው?»

ብዙ ጊዜ በጀርመንኛ ነው የምትመልስልኝ። ያን ቀን ግን ቃል እየፈለገች በአማርኛ ነው የተናገረችው።

«ኦማ፣ እማዬን… የእኔ ሳል ነው?»

«አይደለም» አልኳት።

«ማን አለ?»

«ሐኪሙ። ሄጄ ጠይቄዋለሁ። አይደለም ብሎ ማለልኝ።»

ዓይኔን ለረዥም ጊዜ አየችው። ከዚያ እዚያው በሩ ላይ፣ ፊቴ ላይ፣ አፏን ሳትይዝ አሳለች።

ያን ካልኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። በሕይወቴ ብዙ ነገር ይቆጨኛል፤ ይህ ግን አይቆጨኝም። አድጋ ብትጠይቀኝም ያንኑ ነው የምነግራት። ክፉ ነገሩ እኔን «አይደለም» የሚለኝ ሰው አለመኖሩ ነው።