የጉና ሐይቅ ዳር ጓሳው አቆጥቁጧል

ምኑ ነው አመድ፣ ሙሉቀን? ትናንት ኮመንት ላይ «ጉና ተቃጥሎ አመድ ሆኗል፣ ምን ልሠራ እመለሳለሁ» ያልከኝን ዛሬ ወጥቼ አየሁት።

በእግሬ ነው የወጣሁት፣ እንደኔ በቅሎም አትሄድ።

ሐይቋ ዳር የጓሳ ሣሩ አቆጥቁጧል። ጅብራው ግንዱ ጠቁሮ አናቱ ላይ አረንጓዴ አውጥቷል።

የማዋራው ሰው ግን አጣሁ። ፎቶ የሚያነሳኝ ስለሌለ ሴልፊው ላይ ያለው ግማሽ ፊቴ ነው።

አንድ ሽማግሌ በግ እየነዱ መጡና «ያ ተራራውን ያቃጠለው ጓደኛህ የት ደረሰ?» አሉኝ። በወሬ ማንም የማይረታኝ ሰውዬ በጎቻቸውን መቁጠር ጀመርኩ።

እንግዲህ ሁላችሁም ስሙ። ያን እሳቱ የተነሳ ቀን እዚያ ድንች ጠብሰን ስንነሳ ሙሉቀን «ውሃ እናፍስበት» ብሎ ነበር። እኔ ነኝ አዋቂ ነኝ ብዬ፣ እናቴ ማታ ማታ እንደምታደርገው ፍሙን በአመድ የዳፈንኩት። እናቴ የምትዳፍነው እኮ እሳቱ እንዲያድርላት ነው። ሐይቋ አስር እርምጃ አትርቅም ነበር።

ሰው ሁሉ «ሙሉቀን ነው ያቃጠለው» ሲል ዝም አልኩ። እሱ አገር ጥሎ ሄደ።

የእናንተንስ ጥፋት ሰው ተሸክሞላችሁ ያውቃል? ጻፉ እስኪ።

ነገ ወጥቼ ለሽማግሌው እነግራቸዋለሁ። ሙሉቀን፣ ትመጣለህ አትመጣም? አሁኑኑ መልስልኝ።