ጠዋት የሌለው ባሕር

«ይሄ ባሕር ጠዋት የለውም እንዴ?» አለችኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች።

በእጇ የጠርሙስ ሳጥን ይዛለች። እኔ ላብራቶሪው ውስጥ ጠርሙስ አጣቢ ነበርኩ፤ ሃይስኩል ጨርሼ ሌላ ነገር አልሞከርኩም። ሥራ ያስገባችኝ እሷ ናት። እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ሬኒየር ቫሊ በሚባለው ሰፈር ጎረቤታችን ነበረች፣ በአስር ዓመት ትበልጠኛለች፣ ለዶክትሬቷ የሞቃት አገር የባሕር ውሃ ታጠና ነበር። ውሃው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ዕፅዋት አሉ፤ ፀሐይ ስትወጣ ስኳር የመሰለ ነገር ይለቃሉ፣ ባክቴሪያው ደግሞ ይበላዋል። «ሶ፣ የጠዋቱና የከሰዓቱ ውሃ አንድ አይደለም፤ ሁሉ ነገር ሰዓቱ ላይ ነው» ትለኝ ነበር። ለዚህ ብላ ኬንያ ድረስ ሄዳ፣ አንድ ቀንና ሌሊት ጀልባ ላይ እያስመለሳት በየሦስት ሰዓቱ ቀዳች። ስምንት ጠርሙስ። ሁለተኛ የመሄድ ዕድል አልነበራትም።

ጠርሙሶቹ ሲደርሱ የታሸጉበት በረዶ ቀልጦ ጽሑፋቸውን አጥቦታል። ደግነቱ በተቀዱበት ተራ ተደርድረዋል። እሷ አሟት ቤት ቀርታ ነበርና ኮል አድርጋ፣ «ከደብተሬ ላንብብልሽ፣ እየጻፍሽ ለጥፊና ፍሪዘር ክተቺ» አለችኝ።

«አንደኛው ስድስት ሰዓት።»

ባማርኛ ስድስት ሰዓት እኩለ ቀን ነው። ላብራቶሪው ውስጥ የሚጻፈው በፈረንጅ፣ እስከ ሃያ አራት እየተቆጠረ ነው። ስለዚህ ብልጥ ሆኜ 12 ብዬ ጻፍኩ። ዘጠኝ ስትለኝ 15። አስራ ሁለት ስትለኝ 18።

«ገብቶሻል አይደል?»

«ኧረ ገብቶኛል፣ ቀጥዪ!»

«አራተኛው አስራ አምስት።»

በኛ አቆጣጠር አስራ አምስት ሰዓት የሚባል የለም። እጄ ቀጥ አለ። ለካ ከመጀመሪያውም በፈረንጅ ነበር የምትነግረኝ፤ ስድስት ያለችው ንጋቱን ነው። ሦስቱን አውጥቼ ማስተካከል ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። «ቆይ፣ ተሳስቻለሁ» ማለት ብቻ። አላልኩም። ገብቶኛል ብያለኋ! እንደነገረችኝ 15 ጻፍኩና እስከ ስምንተኛው ዘለቅኩ፤ ከዚያ ተራቸውን ሳልጠብቅ ፍሪዘር ከተትኳቸው።

አሁን ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ሁለት አስራ አምስት አለ፣ ሁለት አስራ ስምንት አለ። ስድስትና ዘጠኝ የሉም። ባበሻ ሰዓት ቀይረሽው ነው?»

አዎ ብላት ኖሮ ቢያንስ የንጋቱ ጠርሙስ ይድን ነበር። 12 የሚል አንድ ብቻ ነው ያለው፤ የንጋቱ እሱ ነው።

«አይ፣ እንደነገርሽኝ ነው የጻፍኩት» አልኳት።

ብትጮህብኝ በተሻለኝ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። «ትኩሳት ነበረኝ፣ እኔው ቀላቅዬብሽ ይሆናል» አለች። ጥናቷን የሚመራው ፕሮፌሰር ሲገባም እፊቴ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው» ብላ በእንግሊዝኛ ነገረችው። እሱ ትከሻውን ሰበቅ አድርጎ የጠዋቱን ክፍል ከጽሑፏ እንድታወጣው ነገራት። እሷ እኮ የሄደችው ፀሐይ ስትወጣ ምን እንደሚሆን ልታይ ነበር።

ያላመነቻቸውን አምስት ጠርሙሶች አጥቢያቸው ብላ ሰጠችኝ። ሙቅ ውሃ ውስጥ ነከርኳቸው፤ ሲቀልጡ አንድ በአንድ ሲንኩ ውስጥ ደፋኋቸው። 12 የሚለውን መጨረሻ።

«አይዞሽ፣ አንቺ ምን አጠፋሽ?» አለችኝ ከኋላዬ። «ስህተቱ ባማርኛ ማውራቴ ነው። ከአሁን በኋላ ሥራ ላይ በእንግሊዝኛ እናውራ፣ ኦኬ?»

«ኦኬ» አልኩ።

ጓንቴን አወለቅኩ፣ ጃኬቴን ከመስቀያው አነሳሁና ወጣሁ።