አስካለና የበግ ምላስ

ዛሬ መቱ ገበያ አጠገብ፣ ሥጋ ቤቱ ውስጥ የበግ ምላስ ተንጠልጥሎ አየሁ። ሥጋ ሳልገዛ ተመለስኩ።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ጊዜ ነው። ታናሽ እህቴ አስካለ ስድስት ዓመት ሞልቷት ከ«እማ»ና ከ«ውሃ» በቀር አፏን አልፈታችም ነበር። ጎረቤቶቻችን «የበግ ምላስ ካልበላች አትናገርም» ብለው እናቴን አሳመኗት። ለፋሲካ ከታረደው በግ የወጣው ምላስ በወጉ እንኳ አልተቀቀለም፤ ሻካራው ቆዳ አልተገፈፈም፤ ጠጉር ጠጉር ይሸታል። ራሷን ግጥም አድርጌ የያዝኩት እኔ ነኝ። በግድ ሲያጎርሷት ለሃጯ ክንዴ ላይ ተዝረከረከ። የጎረቤት ሴቶቹ ይስቁ ነበር። ሳቃቸው እስከ ዛሬ ይቀፈኛል፤ የገዛ ክንዴም።

ከሁሩሙ ማር የሚያመጡልን እማማ ጫልቱ ይህን ሲሰሙ እንትፍ አሉ። «ልጅ በሥጋ አይናገርም! ቃል ስጧት፤ ከዚያ ዝም ብላችሁ ጠብቋት።» በየገበያው ቀን አጠገቧ ተቀምጠው ያችኑ አንዲት የጦጣ ተረት ይነግሯት ጀመር። «ጦጣዋም ዘላ...» ይሉና ያቆማሉ። አስካለ ቃሉን እስክታገኘው አይቸኩሉም።

በዓመቱ አስካለ «እኔም ተረት አለኝ» አለች። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስታወራ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው።

«ፋሲካ ነበር። ምላስ አፌ ውስጥ ከተቱ። እኔ አለቀስኩ። እነሱ ሳቁ። እህቴ ያዘችኝ።»

«ከዚያስ?» አሏት እማማ ጫልቱ።

አስካለ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። እሳቸውም ወደ እኔ ዞረው እንደ ልማዳቸው ጠበቁ። እኔ ግን ክንዴን በቀሚሴ ጠረግሁት።

ዛሬም ባዶ ዘንቢሌን ይዤ ስመለስ፣ መንገድ ላይ ቆሜ ክንዴን በነጠላዬ ጠረግሁት።