በአንድ ከሰዓት አሥራ ሁለት ስብሰባ

ሱሉልታ የማስተምርበት ትምህርት ቤት አጥር ከጎጃም መንገድ ጋር ይዋሰናል። ጠዋት ለሰልፍ ስንቆም የቡሬ አውቶቡስ ጥሩምባውን እየነፋ ያልፋል። ቡሬ እናቴ ያለችበት አገር ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ እሱ በፊቴ ሲያልፍ እኔ በልቤ ሳማትብ ኖሬያለሁ።

በዚያ ዓመት ግን አውቶቡሱን እንደ ዘመድ ነበር የማየው። ወደ ቡሬ የምዛወርበት ማመልከቻ ሁሉ ተሞልቶ አንድ ቦታ ብቻ ቀርቶት ነበር፦ የመማማሪያ ቡድን ተሳትፎ፣ ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሱፐርቫይዘር ፊርማ ጋር። እናቴ ዓይኗ እየደከመ ነው። በስልክ፣ "አይዞሽ፣ አነጋግሬዋለሁ። አንቺን እስካይ ይጠብቀኛል" ትለኛለች፤ ስለ ዓይኗ ስታወራ ስለ ጎረቤት የምታወራ ነው የሚመስለው።

የመማማሪያ ቡድን ማለት አምስት መምህራን በየሳምንቱ ቁጭ ብለው፣ ያስቸገራቸውን እያነሱ አንዱ ከሌላው የሚማርበት ነው። መመሪያው እንደዚያ ይላል። የእኛን ቡድን የሚመሩት ጡረታ የደረሱ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ሱሉልታ ተወልዶ ያደገ ቀልደኛ የስፖርት መምህር አለን። እህቶቼ የምላቸው ሁለቱ የአንደኛ ክፍል መምህራን ከአዲስ አበባ ስለሚመላለሱ ደወል ሲደወል ቀድመው የሚታዩት ሚኒባስ ተራ ላይ ነው። እኔ አማርኛ አስተምራለሁ፤ ጽሕፈቴ ያምራል ተብሎ ጸሐፊ ሆንኩ። መስከረም ላይ አንዴ ተሰብስበን መሪና ጸሐፊ መረጥን። ከዚያ ወዲያ አልተገናኘንም።

ዐቢይ ጾም ገብቶ ሳለ፣ አንድ ሰኞ ርዕሰ መምህሩ መምህራን ማረፊያ በር ላይ ቆሙና፣ "ነገ ሱፐርቫይዘሩ ይመጣል። የአሥራ ሁለት ሳምንት ቃለ ጉባኤ ይፈልጋል" ብለውን ሄዱ።

"ምን ችግር አለው?" አለ የስፖርቱ መምህር። "እህታችን ትጽፋለች፣ እኛ እንፈርማለን። የአሥራ ሁለት ሳምንት ሐሳብ ነው እንዴ የጠፋው?"

ወጣ ብዬ አገር ቤት ላሉት የነፍስ አባቴ ደወልኩ።

"አባቴ፣ ያልተደረገ ስብሰባ ተደረገ ብሎ መጻፍ ኃጢአት ነው?"

"ምን ተባለ ብለሽ ነው የምትጽፊው?"

"ሁሉም በአንድ ድምፅ ተስማሙ ብዬ።"

"አምስት ሰው? በአንድ ድምፅ?" አሉና ሳቁ። "ልጄ፣ እንኳን እግዜር ሱፐርቫይዘሩም አያምንሽ።"

ተመልሼ ገባሁ። "ጾም ይዣለሁ፤ ውሸት አልጽፍም" አልኩ።

"ታዲያ ምን ይሻላል፣ ልጄ?" አሉ ጋሼ።

"እንሰብሰብ።"

"ስንቴ?"

"አሥራ ሁለቴ።"

ከሰዓት ተማሪ ስላልነበረን ከስድስት ተኩል ጀመርን። አንዱ ስብሰባ ተዘግቶ ሌላው ሲከፈት ሁላችንም ከክፍሉ ወጥተን እንድንገባ አስገደድኳቸው፤ ያልተበተነ ጉባኤ እንደገና ተሰበሰበ አይባልማ። ስለዚህ እየወጣን ውኃ ታንከሩ ጋ እንቆማለን፣ ከዚያ እንደ አዲስ እንመጣለን።

"ጋሼ፣ አካም ጅርቱ! ሳምንት ሙሉ የት ጠፉ?" ይላል የስፖርቱ መምህር ሁለት እጁን ዘርግቶ።

"ነጋዳ፣ ነጋዳ። አንተስ ከሳህ" ይላሉ ጋሼ። በሦስተኛው ሳምንት ላይ እሳቸውም ጥሟቸዋል።

በአራተኛው ሳምንት አንደኛዋ እህቴ ስልክ ስታወራ ሁለት ደቂቃ ዘገየች። "ዘግይታ ገብታለች" ብዬ መዘገብኩ።

"ታምሜ ነበር በይልኝ።"

"አልታመምሽም።"

"ካሁን በኋላ እታመማለሁ!"

በአምስተኛውና በስድስተኛው ሳምንት መካከል ዘጠኝ ሰዓት ሞላና ቆሎዬን ቀመስኩ። የጠመኔና የመጽሐፍ እጥረት፣ የተማሪ መዘግየት፣ ሁሉም ተነስቶ አልቋል። ሰባተኛው ሳምንት ላይ የቃለ ጉባኤው ቅጽ፣ "አንዱ ያስተምር፣ ሌሎች ይታዘቡ" አለ። ጋሼ ከሰሌዳው ፊት ቆሙ፤ እኛ አራታችን የልጆቹ ዴስክ ላይ ጉልበታችንን አጥፈን ተቀመጥን። ክፍልፋይ ነው የሚያስተምሩት። ሦስት አራተኛ ብለው ጻፉ።

የስፖርቱ መምህር እጁን አወጣ። "ጋሼ፣ ሽንት ቤት!"

"ቁጭ በል!" አሉት፤ የምራቸውን ነበር። ተቀመጠ።

"ገባችሁ?"

"ገብቶናል" አልን ሦስታችን። ታምሜ ነበር በይልኝ ያለችኝ እህቴ ግን ዓይኗን ከሰሌዳው አልነቀለችም።

"አንቺስ?"

"እኔ አልገባኝም።"

"እንደ ተማሪ ነው እንደ ራስሽ?"

"እንደ ራሴ። ከድሮም አልገባኝም። አንደኛ ክፍል ስጡኝ የምለው ለምን ይመስልዎታል?"

የሚስቅ ጠፋ። ጋሼ ጠመኔውን አስቀመጡ፣ መልሰው አነሱ፣ እንደገና አስቀመጡ። እኔ ዝምታ ሲከብደኝ እጄ ሥራ ይፈልጋል፤ ነጠላዬን አውርጄ ዴስኩ ላይ አራት ቦታ አጠፍኩት። ጋሼ አዩኝና መጥተው ተቀበሉኝ። ዘረጉት። እጥፋቶቹ መስመር ሠርተው ታዩ። አንዱን እጥፍ ወደ ኋላ መለሱና፣ "የቀረው ስንት ነው?" አሏት።

"ሦስት።"

"ከስንት?"

"ከአራ..." አለችና አፏን ያዘች። "ይኸው ነው እንዴ? በቃ?"

"ሠላሳ ዓመት ጠመኔ ስጨርስ" አሉ ጋሼ ወንበር ላይ እየተቀመጡ፣ "ነጠላ የሚባል ነገር መኖሩን ማን ይንገረኝ?" ከዚያ ስለራሳቸው ተናገሩ፤ በየዓመቱ እዚያ ምዕራፍ ላይ ግማሹ ክፍል ይጠፋባቸው እንደነበር፣ ለማንም ለመናገር እንዳፈሩ። ሰባተኛው ሳምንት አርባ ደቂቃ ፈጀ። ሁለቱ እህቶቼ ሚኒባስ አመለጣቸው፤ አላማረሩም።

ስምንተኛውን እስከ አሥራ ሁለተኛው በሩጫ ጨረስን። ታንከሩ ጋ የነበረው ዘበኛ፣ "ለጤናችሁ ነው?" ብሎ ጠየቀን።

በማግስቱ ሱፐርቫይዘሩ መዝገቡን ገለጠ። ገለጠ። ወደ መጀመሪያው ተመለሰ።

"ሁሉም የትናንት ቀን ነው።"

"አዎ።"

"አሥራ ሁለቱም? ቀኑን ለምን አልቀያየርሽውም?"

"ትናንት ስለተደረገ።"

መነጽሩን አወለቀ። ቡሬ ከዓይኔ ራቀች። እሱ ግን እስክሪብቶውን አወጣና፣ "ስንትና ስንት መዝገብ አይቻለሁ፤ ቀኑን ሳልጠራጠር ያነበብኩት ይኼን ብቻ ነው" ብሎ ፈረመ። ከሥሩም "ምርጥ ተሞክሮ" ብሎ ጻፈበት። ደስ ብሎኝ ሰገድኩ፤ ደስታዬ ግን ችኩል ነበር።

ምርጥ ተሞክሮ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ለሌሎች አካፍሉ ብለው ቡራዩ ላኩን። የቡራዩ መምህራን ነጠላዬን እያገላበጡ ስፋቱን መዘገቡ። ሰበታ ላይ ደግሞ አንዱ፣ "ወጥቶ መግባቱ ግዴታ ነው?" ሲል ጠየቀ። የስፖርቱ መምህር ፊቱን አኮሳትሮ፣ "ግዴታ ነው፤ ሰላምታውም ይለካል" አለ። ጻፉት! ርዕሰ መምህራቸው፣ "ሃያ አራት ማድረስ ይቻል ይሆን?" አሉ። ጋሼ ትንሽ አስበው፣ "በጾም አይቻልም" አሉ። ስለ ክፍልፋይ የጠየቀ አልነበረም።

ከፋሲካ በኋላ ደብዳቤ ደረሰኝ። የሦስቱ ከተሞች የመማማሪያ ቡድኖች አስተባባሪ ሆኛለሁ፤ ስለዚህም ዝውውሬ ለጊዜው ተይዟል።

"እንኳን ደስ..." አለ የስፖርቱ መምህር፤ ፊቴን አይቶ፣ "ይቅርታ" አለ።

ለእናቴ ደውዬ ዝውውሬ መያዙን ነገርኳት።

"ምን አጥፍተሽ ነው?"

"እውነቱን ጽፌ ነው፣ እማ።"

"ታዲያ ዓይኔን ምን ልበለው?"

ከዚያም እሷው ቀጥላ፣ "ያ አውቶቡስ ከዚህ ሲመለስስ በደጃችሁ አይደለም የሚያልፈው?" አለችኝ።

ቡድናችን ያኔ ዓርብ ዓርብ መሰብሰብ ጀምሮ ነበር፤ ማንም ሳያዘን። አንድ ዓርብ ከሰዓት ጋሼ ስለ ማካፈል እያስረዱ ጥሩምባ ሰማን። ጥሩምባው አላለፈም፤ ቆመ። ነጠላዬን ዴስኩ ላይ እንደታጠፈ ትቼ ሮጥኩ። እናቴ የሹፌሩን ረዳት ክንድ ይዛ ወረደች። ሁለት እጇን ፊቴ ላይ አድርጋ ወደ ብርሃኑ አዞረችኝ።

"ግንባርሽ ላይ ጠመኔ አለ" አለች።

ታያለች።

ስንመለስ ጋሼ ወንበራቸውን ለቀው አስቀመጧትና ወደ እኔ ዞሩ። "ጻፊው" አሉኝ። ጻፍኩ፦ ስብሰባው በአውቶቡስ ምክንያት ለአሥር ደቂቃ ተቋርጦ ቀጥሏል።