ዘይት የጠጣው አግዳሚ

አባቴ ግቢያችን ውስጥ የነበረውን የጥድ አግዳሚ ለማደስ ሲነሣ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። አባቴ የቢሮ ሰው ነው፣ እጁ ከእስክሪብቶ ሌላ አያውቅም። ምስማር ሲያነሣ እናቴ “ጣትህን አደራ!” እያለች ትስቅበት ነበር። ያን ሰሞን ግን አልሳቀችም። እሁድ አባቴንና ታናሽ ወንድሙን ሊያስታርቁ ሽማግሎች ይመጣሉ።

አጎቴ ሳይነግረን ነው ያገባው። ሚስቱ የአሬሮ ከተማ ልጅ ናት፣ የሙስሊም ነጋዴ ልጅ። አባቴ “በእኔ በር አትገባም” ብሎ ዓመት አለፈ። አሁን እሷም አብራ ልትመጣ ነው። አባቴ ቤት ካስገባት ወንድሙን አገኘ፤ ካላስገባት አጎቴ ዳግመኛ አይመጣም። ይህንን አጎቴ ራሱ ለሽማግሎቹ በግልጽ ነግሯቸዋል።

አባቴ ግን አግዳሚውን ብቻ ያዘ። የነጌሌ ፀሐይ አመድ አስመስሎት፣ እግሩን ምስጥ ቀምሶት ነበር። ጠርሙስ ሰበረና በስባሪው ይፍቀው ጀመር፤ እኔ በብርጭቆ ወረቀት እየተከተልኩ አለሰልሳለሁ። ከአመዱ ሥር ቀዩ እንጨት ብቅ ሲል የጥዱ ሽታ አወደን።

“አየሽ፣ ገና አልሞተም” አለኝ። ያን ሳምንት ደስ ብሎት ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ጎረቤታችን አናጢው ከአጥሩ በላይ አንገቱን አሰገገ። “አካም ጋሼ! ናጋ? ቫርኒሽ ይቀቡት እንጂ።”

“ቫርኒሽ በዚህ ፀሐይ በወሩ ይላጣል። የተቃጠለ ዘይት ነው የምቀባው።”

“ኧረ እሱ ለአጥር ነው! ሰው ሊያስቀምጡበት ነው ወይስ ከብት ሊያስሩበት?”

እውነቱን ነው። እኛ አገር ምስጥ እንዳይበላው የአጥር እንጨት ሁሉ ከጋራዥ የሚመጣ ጥቁር ዘይት ይቀባል። አባቴ ግን የሚቆይ ነገር መሥራት ፈልጓል። ቅዳሜ ቀብቶ ፀሐይ ላይ ተወው፤ እንጨቱ ጠጥቶት ደረቀ። እሁድ ጠዋት መደገፊያው ላይ ግራጫ ሆኖ የቀረ ቦታ አየና ደገመው። ከዚያ እንግዶቹ እንዳይሞቃቸው ብሎ ከግቢያችን ግራር ጥላ ሥር አስገባው። ጥላ ውስጥ ዘይት ቶሎ እንደማይደርቅ ልብ አላለም፤ ልቡ ሌላ ቦታ ነበር።

መጡ። ሽማግሎቹና አጎቴ ከቤት በወጣ ወንበር ተቀመጡ። ሚስቱ ለዕለቱ የተገዛ ነጭ ቀሚስ ለብሳለች። አባቴ ወደ አግዳሚው አመለከተና “ተቀመጪ” አላት። ከአፉ ለእሷ የወጣ የመጀመሪያው ቃል ነው። እናቴ እጄን ጭምቅ አደረገችኝ።

ንግግሩ ጥሩ ሄደ። አባቴ ራሱ “በሉ፣ ቤት ግቡ” ብሎ ተነሣ። እሷም ስትነሣ ጀርባዋ ታየ፤ ከትከሻዋ እስከ ወገቧ ጥቁር። አጎቴ ቀሚሷን ዳሰሰና መዳፉን አየው።

“ጋሼ፣ ይኼ ምንድን ነው? ለእሷ ነው ያዘጋጁላት?”

“ራኮ ሂንቀቡ፣ ችግር የለም፣ ይታጠባል” አለች እሷ።

አባቴ “ተሳስቻለሁ” ቢል እዚያው ያበቃ ነበር። ሽማግሎቹ ሁሉ ያንን ቃል እየጠበቁ ፊቱን ያዩታል። ላቡን ጠረገ። አፉን ከፈተ።

“ሳታይ ለምን ተደገፈች?” አለ።

“ኧረ በፈጠረህ!” አለች እናቴ።

አጎቴ የሚስቱን እጅ ይዞ ወጣ። አንዱ ሽማግሌ እስከ ዋናው መንገድ እየተከተሉ ለመኑት፤ ዞሮም አላያቸው።

በዚያው ወር ሚስቱን ይዞ ሜጋ ከተማ ገባ። እዚያ ሱቅ ከፈተ፣ ልጆች ወለደ። አባቴ ሲታመም መልእክት ተልኮለት አልመጣም። ሲሞት መጣ፤ ቃሬዛውን ተሸከመ፣ አፈር መለሰ። ከቀብር መልስ ሰው ሁሉ ወደ ድንኳኑ ሲገባ እሱ መናኸሪያ ሄዶ የሜጋ መኪና ተሳፈረ።