የተሰፋው የበግ ጆሮ

በዚህ ጉዳይ ውስጥ የነበርነው እኔ፣ ነፍሰ ጡሯ ባለቤቴ፣ እናቷ፣ የዳንግላው ሐኪምና አንድ በግ ነን። በጉን የቆጠርኩት ከሁላችን ይበልጥ የተጎዳው እሱ ስለሆነ ነው።

ከእንጅባራ ዳንግላ ሄደን በአልትራሳውንድ ሲታይ የጽንሱ የላይኛው ከንፈር ተሰንጥቋል ተባለ። ባለቤቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ «ጭንቅላቱስ?»

ሐኪሙ ስክሪኑን በጣቱ እየነካ አስረዳን። አንጎል የሚያርፍበት የራስ ቅል ወለል ከፊት አጥንት ጋር አብሮ ስለሚያድግ፣ ከንፈር ሲሰነጠቅ እሱንም ማየት ይገባል። የእኛው ጽንስ የራስ ቅል ወለል ግን እንደ ወሩ በደንብ እያደገ ነው። «ልጁ ከተወለደ በኋላ ከንፈሩ በመርፌ ይሰፋል» አለ።

ትምህርት ቤት ሳልገባ ራሴን ያስተማርኩ ሰው ነኝና ቤት ስንደርስ ለአማቴ የማስረዳቱን ሥራ ራሴ ያዝኩ። የወተት ቅል ገልብጬ ታቹን እያሳየሁ፣ «ይኸውልዎ እማማ፣ ወለሉ ደህና ነው» አልኳቸው።

«ቅሌን ይመልሱልኝ» አሉ አማቴ። «ይልቅ የበጉን ጆሮ የሰነጠቀው ማን ነው?»

በእኛ ዘንድ በግ ከጎረቤት በግ እንዲለይ ጆሮው ይሰነጠቃል። በዚያ ሰሞን የሰነጠቅኩት እኔ ነበርኩ፤ አማቴ ደግሞ ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት የተሰነጠቀ ነገር በጽንሱ ላይ ይወጣል ብለው ያምናሉ።

«ልጅ በበግ ጆሮ አይቀረጽም እማማ!»

«እንግዲያው ቢሰፋ ምን ይጎድልብዎታል?»

ስለ ከንቱ እምነት ረጅም ምክር ሰጠሁ። ምክሬን ስጨርስ አማቴ መርፌና ክር ይዘው ጋጣ ገብተዋል። የተከተልኳቸው ላስቆማቸው ነበር። ግን ስፌታቸው ጠማማ ሆነ፤ ጠማማ ሥራ ደግሞ አልወድም። በጉን አንገቱን አንቄ ያዝኩላቸው።

ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ አየችን።

«ምክሩ አለቀ?» አለችና ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዳንግላ ከተመለስን ወዲህ ስትስቅ ስሰማት የመጀመሪያዬ ነበር።

አባት የሚያስተምረውና የሚሠራው አንድ ሊሆን ይገባል። እኔ ግን አማቴ ባይቀድሙኝ ኖሮ መርፌውን ራሴ አነሳ ነበር ብዬ እፈራለሁ።

ልጃችን ከንፈሯ እንደተሰነጠቀ ተወለደች። ጭንቅላቷ ደህና ነበር፤ ጩኸቷማ ሰፈር ይቀሰቅስ ነበር። ጡት መሳብ ስላቃታት የእናቷን ወተት በማንኪያ የሚያጠጧት አማቴ ነበሩ። ኋላ ባሕር ዳር በነጻ ተሰፋላት፤ ዛሬ ከእኔ ጋር ስትከራከር ከንፈሯ አንድም ቃል አያስቀርባትም።

የበጉ ጆሮ ግን አመርቅዞ የእንስሳት ሐኪም አስፈለገው። ለአልትራሳውንድ፣ ለሚኒባስና ለበጉ መድኃኒት ጠቅላላ ወጪው አንድ ሺህ ሁለት መቶ ብር ሆነ፤ የበጉን ከአማቴ ጋር እኩል ተካፈልን።