የባቄላ ቅጠል ዕልባት

ዛሬ ጠዋት በሩን ስከፍት ጓሮዬ ጠቁሮ ጠበቀኝ። ትናንት ማታ ለምለም የነበረው ባቄላ እንደ ተቀቀለ ጎመን ተዝለፍልፎ መሬት ላይ ተኝቷል። “ለጥቅምት አንድ አጥንት” ይላሉ፤ ባቄላ ግን አጥንት የለው፣ በምን ይቋቋመው! እንዲህ ባለ ጠዋት የአገሬ ሰው ጎረቤቱን ጠርቶ አብሮ ውርጩን ይራገማል። እኔ ግን ወደ ቤት ተመለስኩና የአባቴን የጸሎት መጽሐፍ ከማኅደሩ አወጣሁ።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ቤታችን ከላሊበላ ከተማ ሽቅብ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ አሁንም የምኖረው እዚያው ነው። ከቤቱ ጀርባ ባቄላ፣ ድንች፣ ነጭ ሽንኩርትና ጎመን የምንዘራበት ጓሮ አለ። ከጌሾው ሥር ደግሞ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። አባዬ በየማለዳው ጋቢያቸውን ተከናንበው እዚያ ድንጋይ ላይ ይቀመጡና የዕለቱን ይደግማሉ። መጽሐፉ ለሰኞ የሰኞ፣ ለማክሰኞ የማክሰኞ ድርሻ አለው። ሲጨርሱ እጃቸውን ዘርግተው በዚያ ሰሞን ከለመለመው አንድ ቅጠል ወይም አበባ ይቀጥፉና ገጹ መሀል ያኖሩታል። መጽሐፉ ከዳር የተሰፋ የክር ዕልባት ነበረው።

“ክሩ የት እንደደረስኩ ይነግረኛል፤ መቼ እንደነበር ግን አይነግረኝም” ይሉ ነበር።

ስለዚህ በመስከረም አደይ አበባ፣ በጥቅምት የባቄላ ቅጠል፣ በበጋው ከጌሾው፣ በሐምሌ የድንች አበባ በየገጹ ይተኛል። እናቴ ፊደል አትቆጥርም፤ አባዬን በመተረብ ግን ማንም አይቀድማትም።

“መሪጌታ፣ መጽሐፉን ጓሮ አደረጉት እኮ! አንድ ቀን ፍየሎቹ ይበሉልዎታል” ትላቸው ነበር።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። እኔ ከተማ ቤት ተከራይቼ ሁለተኛ ደረጃ እማራለሁ። ዓርብ ማታ ወደ ቤት እወጣለሁ፤ እሑድ ድርቆሼንና ሽሮዬን ተሸክሜ ቁልቁል እወርዳለሁ። አጎቴ ይህ ነገር ከቶ አልተዋጠለትም። ባየኝ ቁጥር “ይቺ ልጅ እስከ መቼ ነው የምትንከራተተው? ትዳር ትያዝ እንጂ” ይላል። አባዬ መልሳቸው አንድ ቃል ነበር፤ “ትማራለች።” በቤታችን ከኔ ጋር የቆመ ከሳቸው በቀር ማንም አልነበረም። እናቴም ብትሆን ሥራው በዝቶባት እጄን ትፈልገው ነበር።

በዚያ ዓመት ክረምት አባዬ ነጭ ሽንኩርቱን ሁለት ጊዜ ረገጡት። “ዘንድሮ ጭጋጉ አልገፈፍ አለ” አሉ። እኛም አመንን። በላስታ ደጋ በሐምሌ ጭጋግ ሲወርድ በሬም ከደጁ ይጠፋል፤ ታዲያ ማን ይጠረጥራል? መስከረም ጠባ፣ አደይ ፈነዳ፣ ትምህርት ተከፈተ። አባዬ ግን ግድግዳውን በእጃቸው እየዳበሱ መውጣት ጀመሩ። ያንንም እርጅና ነው ብለን አለፍነው።

አንድ የጥቅምት ቅዳሜ ጠዋት እንደ ዛሬው ውርጭ አድሮ አገኘን። እናቴ ባቄላው መሀል ቆማ እጇን በራሷ ላይ ጭናለች። እኔ ገና ምን እንደምላት ሳላውቅ አባዬ መጽሐፋቸውን ታቅፈው ወጡና ድንጋያቸው ላይ ተቀመጡ። የቅዳሜውን ገለጡ። ድምፃቸው ሳይናጋ፣ በየቦታው ገጹን እየገለበጡ እስከ መጨረሻው ደገሙት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ጓሮው ቀና አደረጉና ፈገግ አሉ።

“ዘንድሮስ ባቄላው እንዴት አምሯል! እንዲህ ለምልሞ አያውቅም።”

እናቴና እኔ ተያየን። ከፊታቸው ያለው ሁሉ ጥቁር ነበር። እናቴ ከንፈሯን ነከሰች፤ እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል።

“አዎ መሪጌታ፣ እግዜር ይመስገን፣ አምሯል” አለች።

አባዬ እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ዘርግተው አንድ ቅጠል ቀጠፉ። እጃቸው ባለበት ቀረ። ቅጠሉን በሁለት ጣታቸው አሹት፤ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት።

“ውርጭ ነው” አሉ በዝግታ። “መቼ መታው?”

“ሌሊቱን” አለች እናቴ።

አባዬ ቅጠሉን አልጣሉትም። ገጹ መሀል አኖሩትና መጽሐፉን ዘጉት።

“ጭጋግ አልነበረም” አሉ።

“ከመቼ ጀምሮ ነው መሪጌታ?”

“ከሰኔ።”

“ምነው ታዲያ ሳይነግሩን?”

ወደኔ ዞሩ፤ ዓይናቸው ግን እኔ ላይ ሳይሆን ከትከሻዬ አለፍ ብሎ ነበር ያረፈው። “በሰኔ ብናገር ይቺ ልጅ በመስከረም ትወርድ ነበር? መሪ ያስፈልገዋል ብላችሁ ታስቀሯት ነበር። ትምህርቱ ይጀመርላት ብዬ ነው።”

“እኔ አልሄድም! እኔ እመራዎታለሁ አባዬ” አልኩ።

አባዬ ሲቆጡኝ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። “እኔ የምፈልገውን በቃሌ ይዣለሁ፣ ወለቴ። አንቺ ገና አልያዝሽም። ነገ ትወርጃለሽ!”

ወረድኩ። መንገዱን ሁሉ እያለቀስኩ ነው የወረድኩት። በዚያው ወር እናቴና አጎቴ ደሴ ሆስፒታል ወሰዷቸው። ሐኪሙ፣ እንደታመሙ ወዲያው ቢመጡ ኖሮ የተወሰነውን የዓይን ብርሃን ማትረፍ ይቻል ነበር፣ አሁን ግን አልፏል አላቸው። ይህን እናቴ የነገረችኝ ምንጭ ዳር ውሃ ስንቀዳ ነው። ለአባዬ ስለዚያ ነገር አንስቼላቸው አላውቅም፤ እሳቸውም አላነሱልኝም። አጎቴ ግን ከደሴ ከተመለሰ በኋላ ስለ ትዳር መናገሩን ተወ።

ከዚያ ወዲያ በየቅዳሜው ደግመው ሲጨርሱ “ጓሮውን ንገሪኝ” ይሉኝ ነበር። ጎመኑ ሽቅብ ሄዶ ቢጫ ማበቡን፣ ጌሾው ላይ አዲስ ቡቃያ መውጣቱን፣ ዶሮዎቹ ነጭ ሽንኩርቱን መጫራቸውን እነግራቸዋለሁ። ሌላ ቀን የምትነግራቸው እናቴ ነበረች። የመጨረሻውን ፈተና ተፈትኜ ውጤት ስጠብቅ፣ በሐምሌ፣ ድንቹ አብቦ ሳለ አረፉ። ማለፌን አልሰሙም።

አስተማሪ ሆኜ ብዙ ልጅ ፊደል አስቆጠርኩ። ሰዎች የአባቴን ነገር ስነግራቸው “እንዴት ያለ አባት!” ይሉኛል። እውነት ነው። እኔን ግን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ ክረምት ነው። መሀላችን ተቀምጠው፣ ከኛው ጋር እየበሉ፣ ብቻቸውን ጨለማ ውስጥ ነበሩ፤ እኛም ስለ ጭጋግ እናወራቸው ነበር።

ዛሬ ጠዋት ድንጋዩ አጠገብ ቆሜ የቅዳሜውን ገለጥኩ። ከዚያ ቅጠል የቀረው አንዲት ቀጭን ዘንግ ብቻ ናት። እርጥብ ስለነበር ግን ቀለሙን አሟሙቶት ብራናው ላይ ጠቆር ያለ እድፍ ጥሏል። እዚያ ጋ ፊደሉ አይነበብም። በቃሌ ነው የማልፈው።

ደግሜ ስጨርስ ከጠቆረው ባቄላ አንድ ቅጠል ቀጠፍኩና ከዚያች ዘንግ ጎን አኖርኩት። ከዚያ ወደ ባዶው ድንጋይ ዞርኩ።

“አባዬ፣ ጓሮውን ውርጭ መትቶታል” አልኳቸው።